የቤት ራዶን መለኪያ፦ የከሰሉ ወይስ የፕላስቲኩ?

በአንድ ቤተሰብ የሳንባ ካንሰር ሲደጋገም ጥርጣሬው ቶሎ ወደ ዘር ይሄዳል። ወላጅና ልጅ የሚጋሩት ግን ደም ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የአንድ ቤት አየር ተንፍሰዋል። ራዶን አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚመነጭ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጥ ጋዝ ነው። በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ይገባል፤ መኖሩ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው።

ርካሹ መለኪያ በጣሳ የታሸገ ከሰል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ተከፍቶ ጋዙን ይመጥጣል። ከመከፈቱ 12 ሰዓት አስቀድሞ መስኮቶች ሁሉ መዘጋት አለባቸው። ችግሩ ከሰሉ እርጥበትም መሳቡ፣ የያዘውን ጋዝም መልሶ መልቀቁ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት ያደላል። ራዶን በየ3.8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የተከደነው ጣሳ መሳቢያ ውስጥ ከሰነበተ ላቦራቶሪው የሚቆጥረው ያጣል። በዚያው ቀን ይላክ።

ሁለተኛው አልፋ ትራክ ይባላል። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው፤ ከራዶን የሚወጣው የአልፋ ጨረር ሲመታው ጠባሳ ይቀርበታል። ላቦራቶሪው ጠባሳውን በኬሚካል አጉልቶ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ስለሚቀመጥ የወቅቱን መለዋወጥ ያካትታል፤ ጠባሳውም አይጠፋም። ሰው የሚያበላሸው ከረጢቱን ቀድሞ በመክፈት ነው፤ ከረጢቱ እንደተቀደደ መመዝገብ ይጀምራል። የተቀመጠበትና የተነሣበት ቀን በትክክል ካልተጻፈም ስሌቱ ይፋለሳል።

ሁለቱም ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛው ወለል፣ መኝታ ቤት ወይም ሳሎን ይቀመጣሉ፦ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ ከውጭ ግድግዳ 30፣ ከመስኮት 90 ሴንቲ ሜትር ርቀው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይሆኑም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 100 ቤኬሬል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ አሃድ) ነው፤ ይህ ካልተቻለ ከ300 አይለፍ ይላል። የረጅም ጊዜ አማካዩ በ100 ቤኬሬል በጨመረ ቁጥር የሳንባ ካንሰር አደጋ 16 በመቶ ገደማ ያድጋል። ለሚያጨስ ሰው አደጋው አጭሶ ከማያውቅ ሰው 25 እጥፍ ያህል ነው። የመለኪያው ወረቀት ይህን አይናገርም፤ ማጨስንና የቤተሰብን ሕመም ጨምሮ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ውጤቱ ዝቅ ማለቱም የቤተሰቡን ታሪክ አይሰርዝም።

ለውሳኔ የፕላስቲኩ ይሻላል፤ አደጋውን የሚወስነው የዓመታት አማካይ እንጂ የአንድ ሳምንት አየር አይደለም። ከሰሉ የሚመረጠው ከጥገና በኋላ ነው፦ ከወለል ሥር ጋዙን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣው ማራገቢያ ቢያንስ 24 ሰዓት ከሠራ በኋላ ቢቀመጥ፣ ጥገናው መሥራት አለመሥራቱን በቀናት ውስጥ ያሳያል።