የመጀመሪያ ፍሮንት ረስት ስትገዙ፦ ያገለገለ ባለብሎን፣ ዋናው ጆይስቲክ ወይስ ኮፒው?

«ወንድሜ፣ ጆይስቲኩን ልግዛ ወይስ ባለብሎኑ ይበቃኛል?» እዚህ አሜሪካ ቤንችረስት የሚባለውን፣ ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚተኮስበትን ውድድር የጀመሩ የሀበሻ ጓደኞቼ በየተራ የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው። የሚጠይቁኝ ስለ ፍሮንት ረስት ነው፣ የጠመንጃው ፊት ስለሚያርፍበት መደገፊያ። ባለብሎኑ ከፍታውና ጎኑ በየብሎኑ ይስተካከላል፣ ጆይስቲኩ ሁለቱም በአንድ ዘንግ። ከጥያቄው ጋር ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ላይ የሚያብለጨልጭ ጆይስቲክ አለ፣ ከስሩ 260 ዶላር ተጽፏል። ዋናው ጆይስቲክ ከ1,000 ዶላር በላይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይሄን ዋጋ ሲያይ ወይ ደስ ይለዋል ወይ ይጠራጠራል። የኔዎቹ ደስ የሚላቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ስልክ ላይ ስለፈልፍ ከማመሽ ጽፌው ልገላገል።

ገለልተኛ ነኝ አልልም። ለጀማሪ የምመክረው ያገለገለ፣ ከባድ፣ ባለብሎን የፊት መደገፊያ ነው። ሃርት ወይም ሲንክሌር የሚባሉት ድርጅቶች የሠሩት ከሆነ እሰየው። እኔም የምተኩሰው በአሮጌ ሃርት ነው። ቀለሙ ተላልጧል፣ አንዱ እግሩ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ በምስማር የጫረው ፊደል አለ። የሸጡልኝ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ውድድር ያቆሙ አዛውንት ናቸው፣ እሳቸውም ከሌላ ሰው ነው የገዙት። እስካሁን ከግራሶ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

አገር ቤት ያደገ ሰው ስለዚህ ስፖርት ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው «ተደግፎማ ማን ይስታል!» ነው። እውነቱን ነው፣ ማንም አይስትም። እዚህ ግን መምታት አይቆጠርም። 100 ያርድ ላይ አምስት ጥይት ይተኮስና ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ይለካል። ጎበዞቹ አምስቱን 0.2 ኢንች አካባቢ ውስጥ ያስገባሉ፣ አምስት ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አሁን ሂሳብ እንሥራ። ከፊት መደገፊያው ሰደፉ እስከሚያርፍበት የኋላ የአሸዋ ከረጢት 20 ኢንች አለ እንበል። 100 ያርድ 3,600 ኢንች ነው። ስለዚህ ፊት ላይ የተፈጠረች ንቅናቄ ዒላማው ጋ ስትደርስ 180 እጥፍ ትሆናለች። ብሎኑ አንድ ሺኛ ኢንች ብቻ ቢላወስ ዒላማው ላይ 0.18 ኢንች መጣ። ያው ግሩፓችሁን፣ የአምስቱን ቀዳዳ ስፋት፣ የሚያክል ስህተት ነው። ከመተኮሳችሁ በፊት የተላወሰውን በስኮፑ አይታችሁ ታስተካክላላችሁ። ካስተካከላችሁ በኋላ፣ ጣታችሁ ቃታው ላይ እያለ በራሱ ጊዜ የሚወርደውን ግን ማንም አያተርፈውም። ከረስት የሚፈለገው እንግዲህ ባስቀመጡት ቦታ መቆየቱ ነው። ቀለሙ፣ መያዣው፣ ቦርሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ዋጋው። ከታች ከ100 እስከ 200 ዶላር የሚሸጡት አሉ፣ የካልድዌል ሮክ እዚህ ውስጥ ነው። ለልምምድና ስኮፕ ለማስተካከል አይከፉም። ግን ርካሾቹ ወደ ጎን የሚወስድ ብሎን የላቸውም። ጠመንጃውን በእጅ ገፋ እያደረጉ ማነጣጠር ነው፣ ነፋስ ሲቀያየር ደግሞ ይሄ ያደክማል። መሃል ላይ ባለብሎኖቹ አሉ። ባለፈው ዓመት ሲሸጡ ያየኋቸው ያገለገሉ ሃርቶችና ሲንክሌሮች ከ250 እስከ 400 ዶላር ነበሩ። ከላይ ዋናዎቹ ጆይስቲኮች ናቸው፦ ኢንዶኔዥያዊው ሴባስቲያን ላምባንግ የነደፈው ሴብ፣ ሌላው ፋርሊ። ጥሩ ጎናቸው ሲሸጡም ዋጋቸው ብዙ አለመውረዱ ነው። ችግሩ፣ መጀመሪያ ያንን ብር ማውጣት አለባችሁ።

ባለብሎኑን ገዝታችሁ የሚተርፋችሁን ብር አስቡት። 700 ወይም 800 ዶላር ነው። 6 ፒፒሲ የሚባለውን የቤንችረስት ጥይት የሚተኩስ ሰው በርሜል ይበላል፣ አዲስ በርሜል ከነማስገጠሚያው ይሄንኑ ብር ይፈልጋል። ኤን133 ባሩድ እንደ ድሮው አይደለም፣ ዋጋው ሰማይ ነው። የነፋስ ባንዲራ የሌለው ጀማሪ ደግሞ ጆይስቲክ ሲገዛ ሳይ ይገርመኛል። ነፋሱን ሳያይ ቶሎ ቢያነጣጥር ምን ሊጠቅመው?

የጆይስቲክን ስም አላጠፋም ግን። የአጭር ርቀቱ ውድድር ወረቀት ላይ ሁለት ዒላማ አለ። ታችኛው መሞከሪያ ነው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ትተኩሱበታላችሁ። ላይኛው የሚቆጠረው ነው። ለአምስቱ ጥይት ሰባት ደቂቃ ይሰጣል። ጨዋታው ነፋሱን ታች ሞክሮ፣ ሲመች ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሳይቀየር አምስቱን መጨረስ ነው። ጆይስቲክ የያዘው ዘንጉን በአንድ እጁ ነካ ሲያደርግ ከፍታውንም ጎኑንም ባንዴ ያገኛል። ባለብሎን የያዘው የከፍታውን መዘውር ያዞራል፣ ከዚያ የጎኑን ብሎን ይነካል። ልዩነቱ ጥቂት ሰከንዶች ነው፣ ነፋሱ በሚሸሽበት ቀን እነዚያ ሰከንዶች ያሳብዳሉ። ነገር ግን ባለብሎኑን የለመደ ሰው ትንሿን ከፍታ የኋላውን ከረጢት ጨመቅ አድርጎ ያገኛታል፣ መዘውሩን የሚነካው ከታች ወደ ላይ ሲሻገር ብቻ ነው። ጆይስቲክ ደግሞ የጠመንጃው ክብደት ሲቀየር ማስተካከያው አብሮ መቀየር አለበት። ላይት ቫርሚንት በሚባለው ክፍል እስከ 10.5 ፓውንድ በሚመዝነው ጠመንጃ የተስማማው፣ እስከ 13.5 ፓውንድ የሚመዝነው የሄቪ ቫርሚንት ጠመንጃ ሲጫንበት ቁልቁል ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ ኮፒው፣ ብር የሚበላው እሱ ነውና። ስም አልጠራም። ቢጠራም ነገ በሌላ ስም ይመጣል። ፎቶው ላይ ከዋናው አይለይም። አንድ ወዳጄ ገዝቶ «ይወርድብኛል» ብሎ ጋራዤ ይዞት መጣ። ብሩጎላ አውጥተን ፈታነው። ጆይስቲኩ የሚዞርበት ድቡልቡል ራስ ብረት ነው፣ እሺ። የተቀመጠበት ቀለበት ግን ፕላስቲክ ነው፣ ያውም በአንድ ወገኑ ተበልቷል። ማጥበቂያውን ስናጠብቀው ዘንጉ ይደርቅና እየዘለለ ይሄዳል። ስናላላው የስኮፑ መስቀል ከዒላማው መሃል ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። መሃሉን ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። የከፍታው ብሎን አሉሚኒየም ነው፣ የሚዞረውም አሉሚኒየም ውስጥ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ተፋፍቀው ግራሶው ጥቁር ጭቃ ሆኗል።

ብሎኑን እንቀይር አልን። የገዛነው ባለ 3/8 ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ያለው ነው፣ በዓይን ሲታይ ያው ስለሆነ። ሁለት ሦስት ዙር ገባና ነከሰ። ለካ የኮፒው ቀዳዳ ኤም10 ነው፣ ጥርሱ የሚሊ ሜትር። በግድ ያዞረ ሰው ቀዳዳውን ይፈጀዋል፣ እኛ በጊዜ ተውነው። ወዳጄ ለሻጩ ጻፈ። መልሱ «20 ዶላር እንመልስልህ፣ እቃው ይቅርልህ» የሚል ነበር። ወዳጄ እቃውን ልመልስ ካለ የመላኪያው 90 ዶላር የሱ ነው፣ ብረት ነዋ! በመጨረሻ ቶርኖ ያለው ሰው የነሐስ ቀለበት አወጣለት፣ 120 ዶላር ተቀበለው። ደምሩት። 260፣ ሲቀነስ 20፣ ሲደመር 120፣ 360 ዶላር። በዚህ ብር ደህና ሃርት ከነከረጢቱ ይመጣ ነበር። ኮፒው አሁን ይሠራል፣ ልሽጠው ቢል ግን ማን ይገዛዋል? ሜዳ ላይ ያሉት ሁሉ ያውቁታል።

ያገለገለ ስትገዙም ዝም ብሎ ብር መቁጠር የለም። ቀለሙን እርሱት። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡትና ጭንቅላቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ጠምዝዙት። ማጥበቂያው ጠብቆ እያለ ከተንቀሳቀሰ አትግዙ። ቀጥሎ የጎኑን ብሎን ወደ ቀኝ አዙራችሁ መልሳችሁ ወደ ግራ። ስትመልሱት ጭንቅላቱ ሳይከተላችሁ ባዶ የሚዞርበት ቦታ አለ፣ ትንሽ ከሆነ ያለ ነው፣ ሩብ ዙር ከሆነ ጥርሱ አልቋል። እግሮቹ ከግንዱ ጋር የሚገናኙበትን በስልክ መብራት እዩ። ካስት አይረን አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እዚያ ነው የሚጀምረው። የእግሮቹ ሾል ያሉ ጫፎች ከደነዘዙ ግን ችግር የለም፣ በሞረድ ይሾላሉ። ውሃ ልክ ከሌለው እንኳ ከማንኛውም የእቃ መደብር በጥቂት ዶላር ይገኛል። ደግሞ ስትተኩሱ ግንዱን በጣም አታስረዝሙት፣ ባጠረ ቁጥር ይጸናል።

ጠመንጃው የሚያርፍበት የአሸዋ ከረጢት ላይ ግን አትሰስቱ። ረስቱ አሮጌ ይሁን፣ ከረጢቱ ልካችሁ ይሁን። የውድድር ጠመንጃ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ እስከ 3 ኢንች ስፋት ይፈቀዳል። ለአደን ጠመንጃ የተሠራ ጠባብ ከረጢት ላይ ብታስቀምጡት ይወላገዳል። ፔንሲልቬንያ ጌልተን ውስጥ የሚሠሩት የፕሮቴክተር የቆዳ ከረጢቶች ዕድሜ አላቸው። ባዶውን ግዙ! አሸዋ የተሞላውን ካዘዛችሁ ለአሸዋ የፖስታ ትከፍላላችሁ። የልጆች መጫወቻ አሸዋ አንድ ጆንያ ገዝታችሁ ንፉት፣ እንጀራ በማይጋገርበት አሮጌ ምጣድ ላይ አምሱት፣ ሲቀዘቅዝ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። እርጥብ አሸዋ ከሞላችሁ ቆዳው ይሻግታል። ዚርኮን የሚባለው ከባድ አሸዋ ከተራው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይመዝናል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። እሱን ለኋላው ከረጢት አስቡት፣ ለፊቱ ተራው ይበቃል። እርጥበት ባለበት ቀን ቆዳው ጠመንጃውን ይይዛል፣ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስነስ ማድረግ ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ሊድ ስሌድ የሚባለው፣ የፊቱም የኋላውም በአንድ ብረት የተያያዘው፣ ለውድድር አይሆንም። ውድድሩን በሚመሩት ሁለት የአሜሪካ ማኅበራት፣ በኤንቢአርኤስኤም በአይቢኤስም ደንብ በቫርሚንት ክፍሎች የፊቱና የኋላው መደገፊያ መያያዝ የለባቸውም። ትከሻ እንዳይመታ ለሚፈልግ አዳኝ የተሠራ እቃ ነው።

ጆይስቲክ የሚገባው ለማነው? ኤፍ-ክላስ ኦፕን የሚባለውን የረጅም ርቀት ውድድር ለሚተኩስ። እዚያ ጠመንጃው እስከ 10 ኪሎ ነው፣ ርቀቱ 1,000 ያርድ ይደርሳል፣ በየጥይቱ ነፋሱን እያካካሱ የማነጣጠሪያ ቦታ መቀየር አለ፣ ያውም መሬት ላይ ተኝቶ። ተኝቶ መዘውር ማዞር መከራ ነው። ለእሱ ብር አጠራቅማችሁ ያገለገለ ሴብ ፈልጉ፣ ከአዲስ ኮፒ ሦስት እጥፍ ቢሆንም ግዙት። ሌላው የኤፍ-ክላስ ክፍል፣ ኤፍ-ቲአር፣ ከሆናችሁ ደግሞ ጨርሶ ረስት አትግዙ፣ እዚያ የሚፈቀደው ባይፖድ፣ ጠመንጃው ላይ የሚታሰረው ባለሁለት እግር መደገፊያ ነው።

የት ይገኛል ላላችሁኝ፣ ከኢንተርኔት ይልቅ ውድድር ሜዳ ይሻላል። ነክታችሁ ታያላችሁ፣ መላኪያ የለም። እሁድ ከሰዓት፣ ሽልማቱ ተሰጥቶ ሰው እቃውን መኪና ላይ ሲጭን፣ ሁለተኛ ረስት ያላቸውን አዛውንቶች ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። 350 ካሉ 280 በሉ። ከነከረጢቱ 300 ላይ አይጨክኑም።