የ5 ቀን የአሰልጣኞች ስልጠና በጣና ዳር፦ ገንዘቡን የሚመልሰው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ነው

ባህር ዳር ውስጥ «ቲኦቲ» (የአሰልጣኞች ስልጠና) ሲባል ሁሉም ያውቀዋል፦ ሐይቁ ዳር ያለ የሆቴል አዳራሽ፣ አምስት ቀን፣ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ደብተር፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት። እዚህ የምንገመግመው ከነዚህ አንዱን ነው። ድርጅቱን በስም አንጠራውም፤ ጉድለቱ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ የእሱ ስም ብቻውን ቢነሳ ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላል። ግምገማው የተጻፈው የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ፋይል ከማገላበጥ ወጥቶ ወደ ስልጠናና የሠራተኛ ልማት ሙያ መግባት ለሚፈልግ፣ ወይም ገብቶበት ከ«አስተባባሪ» ደረጃ ፈቅ ማለት ላቃተው ሰው ነው።

መሄዱ አይከፋም። ግን የሚተዋወቀው ሌላ፣ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ማስታወቂያው መድረክ ላይ መቆምን ይሸጣል፦ ድምፅ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በራስ መተማመን። ሰውየውን በሙያው የሚያሳድገው ግን ከመድረኩ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ያ ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ ከሁለት ቀን ብዙም አላለፈም።

የመጀመሪያው ቀን በትውውቅና በማነቃቂያ ጨዋታ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ማልኮም ኖልስ ካስፋፋው የአዋቂዎች ትምህርት ሐሳብ ጥቂት ይነሳል፦ አዋቂ ሰው ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል፣ የራሱን ልምድ ይዞ ይመጣል፣ ነገ ሥራው ላይ የማያውለውን ነገር ጆሮ አይሰጠውም። ይህን ያነበበ ሰው አንደኛውን ቀን ቢያጣ ብዙ አይጎዳም።

ሁለተኛው ቀን የፍላጎት ዳሰሳ ነው፣ ማለትም ስልጠና በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ መለየት፤ ገንዘቡ እዚህ ላይ መመለስ ይጀምራል። ለየቡድኑ አንድ ደብዳቤ ይታደላል፦ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ «እንግዳ ተቀባዮቻችን የደንበኛ አያያዝ ስልጠና ይሰጣቸው» ይላል። ከደብዳቤው ጋር የፈረቃ ሰሌዳና የቅሬታ መዝገብ ተያይዟል። ቸኩሎ ወደ ሞጁል ዝግጅት የገባ ቡድን ይወድቃል። ቅሬታዎቹን በሰዓት የደረደረ ቡድን ግን አብዛኞቹ ጠዋት ከ1:00 እስከ 2:30 ባለው ጊዜ መከመራቸውን ያያል፤ ሰሌዳው ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ያለው አንድ ሰው ነው፣ ኮምፒውተሩም አንድ ነው፣ ሂሳብ ዘግቶ የሚወጣውና የቁርስ ኩፖን የሚጠይቀው እንግዳ እሱኑ ይጠብቃል። ፈገግታ ቢሰለጥኑ ሰልፉ አያጥርም።

ከዚህ የሚወሰዱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ሠራተኛው ሥራውን ያውቅበታል ወይ? የሚሠራበት ዕቃ፣ ጊዜና ሰው አለው ወይ? ቢሠራው ምን ያገኛል፣ ባይሠራውስ ምን ይቀርበታል? ስልጠና የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የግዥና የፈረቃ ጉዳይ ነው፣ ሦስተኛው የአለቃ። ዕውቀት ይኑረው አይኑረው ለመለየት አቋራጩ መንገድ «ከዚህ በፊት በትክክል ሠርቶት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ትናንት የሠራውን ዛሬ ካልሠራ፣ የጎደለው ነገር ስልጠና አዳራሽ ውስጥ አይገኝም።

ስልጠናው ያላስተማረው አንድ ነገር አለ፤ ከባዱም እሱ ነው፦ «ስልጠና አያስፈልግም» የሚለውን ለአለቃ እንዴት ይነገራል? ዕቅዱ ላይ «ለ120 ሠራተኞች ስልጠና መስጠት» ተብሎ በቁጥር የተጻፈበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ቃል ሥራ እንደማበላሸት ይቆጠራል። የሚሠራው ዘዴ በቃል አለመከራከር ነው። አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ችግሩ በቁጥር፣ ምክንያቱ፣ ከዚያ ሁለት አማራጭ ከነወጪያቸው። አንደኛው የተጠየቀው የሁለት ቀን ስልጠና፣ ሁለተኛው የፈረቃ ለውጥና ለአዲሶቹ ብቻ የግማሽ ቀን ልምምድ። አለቃው ራሱ ይምረጥ። አንድን ባለሙያ ከአዳራሽ አስያዥነት ወደ አማካሪነት የሚያሻግረው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው ቀን ዓላማ አጻጻፍና የሥራ ዝርዝር ነው፤ ከአምስቱም ቀን ምርጡ ይህ ነው። አሰልጣኙ ገና ሲጀምር «ግንዛቤ ይጨብጣሉ»፣ «ይረዳሉ»፣ «ይገነዘባሉ» የሚሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይሰርዛቸዋል። ለዚህ ብቻ ምስጋና ይገባዋል፤ ስንት ሞጁል ግንዛቤ ሲያስጨብጥ ኖሯል! በምትኩ የሚጠየቀው የሚታይ ድርጊት፣ የሚሠራበት ሁኔታና የሚለካበት ደረጃ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከራሱ መሥሪያ ቤት አንድ ሥራ ወስዶ በሦስት ዓምድ ይጽፋል፦ ዋና እርምጃ፣ ቁልፍ ነጥብ፣ ምክንያት። የዘዴው መነሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ፋብሪካዎቿን በአዲስ ሠራተኛ ስትሞላ ያወጣችው ነው፤ በኋላ ጃፓኖች ወስደው ከካይዘን (ሥራን በየጊዜው ከማሻሻል ስልታቸው) ጋር አዋሃዱት። ለምሳሌ የቀረበው የዚሁ ከተማ ወጥ ቤት ሥራ ነው፦ ከቆሮሶ ዓሳ ፊሌቶ (አጥንት የሌለው ሥጋ) ማውጣት።

እርምጃ አንድ፣ ዓሳውን መያዝ። ቁልፍ ነጥቡ እጅን ከራሱ ወደ ጅራቱ ማንሸራተት ነው፤ የጀርባው ክንፍ እሾህ ስለሆነ በዚህ አቅጣጫ ይተኛል፣ በተቃራኒው እጅ ይወጋል። እርምጃ ሁለት፣ ከስንጥቡ ኋላ መቁረጥ። ቢላዋው አጥንት ሲነካ ይቁም፤ ራሱ ተቆርጦ ከወደቀ የሚይዙት ያጣሉ። እርምጃ ሦስት፣ ቢላዋውን ወደ ጅራት አዙሮ አከርካሪውን መከተል። ስለቱ አጥንቱ ላይ ይተኛ፤ ትንሽ ቀና ካለ ሥጋው አጥንት ላይ ይቀራል። እርምጃ አራት፣ ቆዳውን መግፈፍ። ከጅራቱ በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይተውና እሱ ይያዝ፤ ጣት ላይ ትንሽ ጨው ከተነካ አያንሸራትትም።

አብዛኛው ሰልጣኝ የሚሳሳተው ቁልፍ ነጥቡ ላይ ነው። «በጥንቃቄ ይቁረጡ» ብሎ ይጽፋል። ጥንቃቄ ማለት ምን ማድረግ ነው? ቢላዋው የት ይቁም? ሙያውን ያወቀ ሰው እጁ የሚሠራውን አፉ ስለማይነግረው ሥራውን ከወንበር ላይ ሆኖ ሲጽፍ ግማሹን ይዘላል። መፍትሔው ወጥ ቤት ገብቶ፣ እየተሠራ እያዩ መጻፍ ነው። ከሰባት እርምጃ በላይ ከወጣ ደግሞ ሥራውን ለሁለት መክፈል።

የማስተማሩ ቅደም ተከተልም በደንብ ተሰጥቷል፦ ሰውየውን ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ራሱን ማሠራት፣ ከዚያ እየራቁ መከታተል። ማሳየቱ ሦስት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ እርምጃዎቹን ብቻ እየጠሩ፣ ቀጥሎ ከነቁልፍ ነጥባቸው፣ በመጨረሻ ከነምክንያታቸው። ሁሉን በአንድ ዙር የሚያወርድ አሰልጣኝ የሚቀጥለውን ሳምንት በመድገም ያሳልፋል።

አራተኛው ቀን ፓወርፖይንት ነው፤ ማለፍ ይቻላል። ይልቅ አዳራሹ ስለሚያስተምረው ነገር ትንሽ እንበል። ወደ ሐይቁ ያለው ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው፤ ለዓይን ውብ ነው፣ ለፕሮጀክተር ግን ጠላት። ስክሪኑ መስታወቱ ፊት ለፊት ስለተሰቀለ ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ስክሪኑን ወደ ጎን ግድግዳ ማዞር ግን ለማንም አልታየውም። መስኮቱ ሲከፈት ከጣና የሚመጣው ነፋስ ፍሊፕ ቻርቱን ያገላብጠዋል፤ ሲዘጋ እንቅልፍ ይመጣል። ወረቀቱን ከታች በሁለት ቁራጭ ፕላስተር መያዝ በቂ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ፈጥኖ ይነሳል፣ ፕሮጀክተሩ ግን እስኪነቃ ሰዉ ስልኩን ያወጣል። ዋና ዋናውን ነጥብ አስቀድሞ ፍሊፕ ቻርት ላይ ጽፎ የመጣ አሰልጣኝ ይህ አይነካውም። ምግቡ ጥሩ ነው፤ የዓሳ ጉላሹን ደግሞ የበላ ሰው ግን 8:00 ላይ ንድፈ ሐሳብ አይሰጠው።

ትልቁ ጉድለት አምስተኛው ቀን ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ቆሞ ያስተምራል፣ አስተያየት ይሰጠዋል ተብሏል። ሂሳቡን እንሥራ። ከ2:30 እስከ 6:30 ግማሽ ሰዓት ሻይ ቡና ሲቀነስ 210 ደቂቃ፤ ከ8:00 እስከ 11:00 የሃያ ደቂቃ ዕረፍት ሲቀነስ 160 ደቂቃ። ድምሩ 370። አንድ ሰው 15 ደቂቃ አስተምሮ 5 ደቂቃ አስተያየት ቢቀበል፣ ቀኑ የሚበቃው ለ18 ሰው ነው። የተመዘገቡት 24 ናቸው። በዚያ ላይ የሰርተፍኬቱ ሥነ ሥርዓት 9:00 ላይ ስለሚጀምር የቀረው 270 ደቂቃ ለ24 ሲካፈል 11 ደቂቃ ይደርሳል፤ የላፕቶፕ ገመድ መቀያየሩም ከዚያው ላይ ነው። ውጤቱ ሁሉም ራሱን አስተዋውቆ ወደ ርዕሱ ሲገባ «ጊዜ አልቋል» መባሉ ነው። አስተያየቱም «ጥሩ ነው፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ» ከማለት አላለፈም። ሁለት ክፍል ተከራይቶ 12 በ12 መክፈል ይህን ሁሉ ይፈታው ነበር።

የምዘናው ነገርም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ያወጣቸው አራት የስልጠና መመዘኛ ደረጃዎች በስላይድ ይነበባሉ፦ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ተገበረው ወይ፣ ድርጅቱ ምን አተረፈ። ስልጠናው ራሱ የሚለካው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ነው። የአስተያየት ቅጹ የሚሞላው በመጨረሻው ቀን፣ አበል እየተፈረመ ነው፤ በዚያ ሰዓት «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት የማያደርግ ማን አለ? በስልጠናው መጨረሻ የሚሰጠው ፈተናም ሲጀመር ከተሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የውጤቱ ማደግ ጥያቄውን ማስታወስንም ይጨምራል።

የቀሩትን ሁለት ደረጃዎች ሰልጣኙ በራሱ ይሙላቸው፤ ውድ አይደለም። ለዓሳው ሥራ ሚዛን ብቻ ይበቃል። ከ10 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ፊሌቶ መውጣት አለበት። ከስልጠናው በፊት ሦስት ቀን፣ ከስልጠናው በኋላ በ30ኛውና በ60ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ሦስት ሦስት ቀን ይመዘን። ከ10 ኪሎ ሩብ ኪሎ ከጨመረ፣ በቀን በሚገዛው ዓሳና በዋጋው ተባዝቶ ሥራ አስኪያጁ በሚገባው ቋንቋ ይቀርባል። ቁጥሩ በ30ኛው ቀን ወጥቶ በ60ኛው ከወረደ፣ ቢላዋው መሳሉን ወይም አለቃው መከታተሉን ጠይቁ፤ ክህሎቱ በሁለት ወር አይጠፋም።

ስለ ሰርተፍኬቱ። በራሪ ወረቀቱ ላይ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል አለ፤ የሚሰጠው ወረቀት ግን አምስት ቀን መገኘትን ብቻ ይመሰክራል። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የብቃት ምዘናን አይተካም። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሙያው የሚታወቁት ማረጋገጫዎች፣ ቀድሞ ኤኤስቲዲ ሲባል የነበረውና ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤቲዲ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር የሚሰጣቸው ኤፒቲዲና ሲፒቲዲ፣ ፈተና ብቻ ሳይሆን የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፦ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው አምስት። ስለዚህ ቅጥር ላይ የሚያስከብረው በእጅ ያለ የሥራ ማስረጃ ነው፦ ሁለት ገጽ የፍላጎት ዳሰሳ፣ በሦስት ዓምድ የተጻፈ አንድ የሥራ ዝርዝር፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ፣ የ60 ቀን ክትትል ውጤት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ተሠርተው ስለሚያልቁ ኮፒያቸውን ሳትይዙ አትውጡ፤ አዘጋጆቹ ሰብስበው ያስቀሯቸዋል።

የምዝገባ ጊዜም ይታሰብበት። በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤቶች የተረፈውን ገንዘብ በስልጠና ይጨርሳሉ፤ አዳራሹ የሚጨናነቀው፣ 24 ሰው የሚገባውም ያኔ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡድኑ ያንሳል። ስትደውሉ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የአምስተኛውን ቀን የሰዓት ሰሌዳና የተመዘገበውን ሰው ብዛት። ከ18 ካለፈና ሁለት ክፍል ከሌለ የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ።