ከፓናሶኒክ ጂኤም1 ጋር ስምንት ወር

ትልቁ ካሜራዬ ቤት መዋል ከጀመረ ቆይቷል። ልወጣ ስል አየዋለሁ፣ «ዛሬ ማን ይሸከመዋል» እላለሁ፣ ስልኬን ይዤ ውልቅ። ያገለገለ ጂኤም1 የገዛሁት ለዚህ ነው። በ2013 የወጣ ካሜራ ነው፤ በዲጂታል ዕድሜ ሽማግሌ በሉት።

ወርዱ 98.5፣ ቁመቱ 54.9 ሚሊሜትር ነው። ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 204 ግራም ይመዝናል። አብሮት የሚመጣው 12-32 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ 70 ግራም ብቻ። ጃኬት ኪስ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። በ2011 የወጣው ፔንታክስ ኪው የተባለ ካሜራ ያን ያህል ያነሰው ሴንሰሩም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ትንሽ ስለነበር ነው። ጂኤም1 ግን 17.3 በ13 ሚሊሜትር የሆነውን ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለውን የሴንሰር መጠን እንዳለ ይዟል። ያሳነሱት ሹተሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን መዝጊያ ነው። ሜካኒካሉ 1/500 ሰከንድ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ እስከ 1/16000 ድረስ ኤሌክትሮኒኩ ይሠራል። እሱ ደግሞ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ አንዳንድ አምፖል ሥር ፎቶው ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። እኔ ቤት ውስጥ ከ1/500 አላልፍም፣ አለቀ።

የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቁን ሳወጣ አክስቴ ወሬዋን አቁማ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ቀጥ ትላለች። ይሄን ስታይ «አሻንጉሊት ነው እንዴ?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ክር በመርፌ እያስገባች ነበር፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ። ያነሳኋት በኦሊምፐሱ 45 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ኤፍ 1.8 ላይ ነው። መርፌው ጥርት፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ድብዝዝ ብሏል። በስልኬ ይህን አላገኘሁም።

ሌንስ ይቀያየራል ሲባል ግን ሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። አንድ ቀን ሩቁን የሚያቀርብ 100-300 ሚሊሜትር ዙም ገጠምኩለት። ሌንሱ ብቻውን 520 ግራም ነው! ካሜራው ሌንስ ላይ የተለጠፈ ክዳን መሰለ። ማታውኑ አወለቅኩት። 12-32 እና 45፣ በቃኝ።

ባትሪው 230 ፎቶ አካባቢ ያነሳል ተብሎ ነው የወጣው፣ እኔም ከዚያ ብዙ አልራቅኩም። ተጠባባቂ ያስፈልጋል። ስስቴ አሸንፎኝ ርካሽ ባትሪ ገዛሁና በሦስተኛው ወር አብጦ ውስጥ ተቀረቀረ። በወረንጦ እያወጣሁ ያላብኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ኦሪጅናሉን ግዙ።

የዓይን መመልከቻ ስለሌለው ፀሐይ ላይ በእጄ ስክሪኑን እየጋረድኩ ነው የማነሳው። ይህ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በ2014 የወጣው ጂኤም5 መመልከቻ አለው። የኋላው መዘውርም ሳላስበው ይዞርብኛል። አውራ ጣቴ ወፍራም ሆኖ ይሆናል።

ትልቁን አልሸጥኩትም። ወፍ ላነሳ ስወጣ አሁንም እሱን ነው የምሸከመው።