ክላሲክ ሞተሮቻችንን ለብርድ ጉዞ ላዘጋጁልን መካኒክ

ክለባችን በብርድ ወራት ለሚያደርገው የክላሲክ ሞተር ሳይክሎች የጋራ ጉዞ ሞተሮቻችንን አንድ በአንድ ፈትሸው ላዘጋጁልን መካኒክ ከልብ እናመሰግናለን። አሮጌ ሞተር ላለው ሁሉ ያለማመንታት እንጠቁማቸዋለን፤ ምክንያቱም መለዋወጫ ከመቀየራቸው በፊት ችግሩን ይለያሉ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) በረዶ ነው። ቤንዚን በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ውጪው ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ሆኖ አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ እርጥበቱ እዚያው ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይሠራል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ነዳጅ ሲቀንሱለት ይጠፋል። ጥቂት ደቂቃ ሲቆም ግን የሲሊንደሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ሲረግጡት ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ጋራዥ ሲደርስ ምልክቱ የለም። ደህና ካንዴላና ደህና ኮይል (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጡት ክፍሎች) በከንቱ የሚቀየሩት በዚህ ነው። እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን «ቆሞ ሲያርፍ ይነሳል? ካርቡሬተሩ ላይ ነጭ አመዳይ አያችሁ?» ብለው ነው። መፍትሔያቸው ነፋሱ ካርቡሬተሩን በቀጥታ እንዳይመታው የሚከልል ቀጭን ቆርቆሮ ነበር።

የፍሬንና የፍሪሲዮን ካቦዎችን ፈትተው ሰቀሏቸው። ላይኛው ጫፍ ላይ የወረቀት ማንቆርቆሪያ አስረው ቀጭን ዘይት ሞሉና አሳደሯቸው። በታች በኩል መጀመሪያ ዝገት ያዘለ ቡናማ ጠብታ ወረደ፣ ጠብታው እስኪጠራ ድረስም አላነሷቸውም። ካቦ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ማንሻው ድርቅ ይላል፤ ፍሬን ላይ ሲሆን አደገኛ ነው።

ዘይቱን ከወፍራሙ ኤስኤኢ 50 ወደ ቀጭኑ 30 ያወረዱት የየሞተሩን መመሪያ እያዩ ነው። ብርድ ላይ ዘይት ስለሚወፍር የፍሪሲዮን ዲስኮች ይጣበቃሉ። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት የፍሪሲዮኑን ማንሻ ጨብጦ የማስነሻውን ፔዳል ሦስት አራት ጊዜ መርገጥ ነው፤ አለዚያ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ዘሎ ይጠፋል።

ባለ 6 ቮልት ባትሪዎችን አንድ ሌሊት ካሳረፉ በኋላ ለኩ፤ ሙሉ የሆነው ወደ 6.3 ቮልት ያሳያል። ባዶ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ስለሚቀጥን በቀላሉ በረዶ ሆኖ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። አሮጌ ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ትልቁን መብራት እንኳ አይችልም።

የጎማ አየር በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ በ0.1 ባር ገደማ ስለሚወርድ በጉዞው ጠዋት ይለካ።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች፣ ሞተሩን አሙቃችሁ አትውሰዱባቸው። ከተቻለ ጭናችሁ አድርሱት፣ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ በጆሯቸው መስማት ይፈልጋሉ።