ባለ 240 ዋቱ አምፕሊፋየር ከ8 ወር በኋላ፦ የታማው ማሽኑ፣ ጥፋቱ የአገጣጠሙ

«240 ዋት ለደብር ምን ይሆናል? 1000 ዋት ሞንታርቦ ውሰዱ» የሚል ሻጭ ገመዱ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ካልጠየቀ፣ ሂሳብ ሳትነጋገሩ ውጡ።

ይህ ማሽን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቅዳሴው ሲጋመስ እየጋለ ይጠፋ ነበር። ዕቃው ተበላሽቷል ተባለ፤ አልተበላሸም። አራት ባለ 8 ኦም ሆርኖች (የጥሩንባ ቅርጽ ያላቸው ድምፅ ማጉያዎች) ጎን ለጎን በአንድ መስመር ተያይዘው «4 ኦም» ከተጻፈበት ብሎን ላይ ታስረው ነበር። ኦም የከረንት መቋቋሚያ መለኪያ ነው፤ ሲያንስ የሚሳበው ከረንት ይበዛል። 8 ለ4 ሲካፈል 2 ኦም ነው፤ ማሽኑ ከሚችለው እጥፍ ከረንት ይጠየቃል። የሚጠፋውም እንዳይቃጠል ብሎ ነው።

ገመዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከዕቃ ቤቱ እስከ ደወሉ ቤት 50 ሜትር ቢሆን፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ደርሶ መልስ 1.2 ኦም ገደማ ይይዛል። በ2 ኦም ጭነት ላይ ከተላከው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ገመድ ሲያሞቅ ይቀራል። 1000 ዋት ቢገዛም ያው ነው።

መድኃኒቱ ትራንስፎርመር ያላቸው ሆርኖች ናቸው። ከጀርባቸው ያለው መምረጫ 30 ዋት ላይ ይደረግና ሁለቱ ሽቦዎች ማሽኑ ላይ «ኮም» (የጋራው ብሎን) እና «100 ቮልት» ከተባሉት ላይ ይታሰራሉ። ከዚያ ወዲያ ኦም ማስላት የለም፤ ዋት ብቻ ይደመራል፦ 4 ጊዜ 30፣ 120፤ ከማሽኑ 240 በታች ነው። ጭነቱ 83 ኦም ስለሚሆን ያው ቀጭን ገመድ የሚበላው ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ከተስተካከለ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ተቆሞበት ለብ ከማለት አላለፈም።

ሽቦ ከመንካት በፊት ማሽኑ ይጥፋ፤ 100 ቮልት ይነዝራል። ትራንስፎርመር የሌለው ሆርን እዚህ መስመር ላይ ከገባ ወዲያው ይቃጠላል። ፕላስና ማይነስ የተገለበጠበት አንድ ሆርን ካለም፣ በሁለት ሆርኖች መካከል የቆመ ምእመን ድምፁን ቀጭንና ባዶ ሆኖ ይሰማዋል። ለክረምት የሆርኑ አፍ ትንሽ ወደ ታች ይዘንበል።

አንድ ቅሬታ አለ፤ ሆርን ወፍራም ድምፅ አያወጣም። ስብከቱ ጥርት ይላል፣ ከበሮው ግን ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። ለእሱ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ሁለት የግድግዳ ስፒከር መጨመር ግድ ነው፤ ይህንንም ሻጩ አልተናገረም።

የ4 ኦሙ ብሎን አሁን በፕላስተር ተሸፍኗል፤ ለንግሥ በዓል ሆርን ተሸክሞ መጥቶ «እዚህ ልሰካው» የሚል ወጣት አይጠፋምና።