ሁለት ገጽ የፓቶሎጂ ሪፖርትና የተቆለፈ ሽንት ቤት

ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትወጡ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ስላለ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ነው የምጽፈው፤ ከሰውነት የወጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ቤት ማለት ነው። ስሞታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ፕሮስቴቱን በኦፕራሲዮን ያስወጣ ወይም አባቱን የሚያሳክም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው።

የእኔ ፕሮስቴት በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ናሙናው የታየው ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ የመጣው ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም። ካንሰር መሆኑን፣ ግሊሰን የሚባለው የካንሰሩ የክፋት መለኪያ 7 መሆኑን ይናገርና ስለተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ «ማርጂን፦ ፖዘቲቭ» ብሎ ያበቃል። የት ጋ? ምን ያህል? ዝም። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሰው ነኝ። «ጉድለት አለ» ብሎ መጠኑን የማይጽፍ ኦዲተር ቢመጣብኝ ከቢሮ አስወጣው ነበር። ለጥየቃ የመጣው ሁሉ ግን ቡናውን ፉት እያለ «ሥሩ ቀርቷል ማለት ነው» ይላል። አንዷ ጎረቤቴማ «ድሮም ቢላ ሲነካው ነው የሚብሰው» ብላ አረፈችው።

ሐኪሜ ወረቀቱን አገላበጠና «ጋሼ፣ በዚህ ምንም መወሰን አልችልም። ብሎኮቹንና ስላይዶቹን ተቀብለው ሌላ ቦታ ያስነብቡ» አለኝ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ከሰውነታችን የወጣው ሥጋ በሰም ተይዞ ላብራቶሪ ውስጥ ይቀመጣል። ለሁለተኛ ንባብ ፈርሞ መውሰድ ይቻላል።

የቸርችሉ ላብራቶሪ የገባው እዚህ ላይ ነው። ፓቶሎጂስቷ ሁለት ሰው አብሮ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጠችኝ። ሮዝና ሐምራዊ ሥጋ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር። ቀለሙ የሚቀባው ፕሮስቴቱ ከመከታተፉ በፊት ነው፤ የውጭው ገጽ የቱ እንደነበር ኋላ እንዲታወቅ። የካንሰሩ ሕዋስ ቀለሙን ከነካ ፖዘቲቭ ይባላል። በፀጉር ስፋት ቀርቶት ካልነካ ኔጌቲቭ ነው። የእኔዎቹ ነክተዋል። ትንንሽ ቀለበት የመሰሉ ነገሮች ተጠጋግተው መስመሩ ላይ ተለጥፈዋል፣ በዓይኔ አየሁ። «ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው» አለችኝ።

የእሷ ሪፖርት ሁለት ገጽ ሆኖ መጣ። ቦታው የፕሮስቴቱ የታችኛው ጫፍ፣ በቀኝ በኩል። ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር በታች። ግሊሰኔ 3+4 ነው፣ የሁለት ደረጃዎች ድምር፤ ጠርዙን የነካው ለዘብ ያለው 3 ነው። ከፕሮስቴቱ ጀርባ ያሉት የዘር ከረጢቶች ከካንሰር ነፃ ናቸው።

ይሄ ዝርዝር ቅንጦት አይደለም። ፖዘቲቭ ማርጂን ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የግድ ይመለሳል ማለት አይደለም። የነካው ቦታ ረዘም ካለ፣ ወይም የነካው ክፉው ዓይነት ከሆነ ሥጋቱ ይጨምራል። ያ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ለማንም ሐኪም አስቸጋሪ ነው፤ ሽንት የሚቆጣጠረው ጡንቻ እዚያው ጥግ ስላለ እንደልብ አስፍቶ መቁረጥ አይቻልም። ኔጌቲቭ የወጣለትም ሰው ቢሆን ከክትትል አያመልጥም።

ሐኪሜ አዲሱን ሪፖርት ሲያይ ወዲያው ጨረር ግባ አላለኝም። በፈረንጆቹ 2020 የታተሙ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች አሉ። ጨረሩን ቶሎ የወሰዱትንና ፒኤስኤ (በደም ምርመራ የሚለካ ከፕሮስቴት የሚመጣ ፕሮቲን) መውጣት ሲጀምር የወሰዱትን አነጻጽረው፣ ለአብዛኛው ሰው በክትትል መጠበቁ እንደማይጎዳ አሳይተዋል። የሽንት ጣጣውም ያንሳል። ግሊሰኑ 8 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ካንሰሩ የዘር ከረጢት ውስጥ ለገባበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ስለነበር የጨረር ወረፋ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። እኔ እንኳን ሳያስፈልገኝ የሌላ ሰው ተራ አልያዝኩም።

ፒኤስኤዬንም እዚሁ ነው የማሠራው። ፕሮስቴት ከወጣ በኋላ ቁጥሩ በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ መውረድ አለበት። 0.2 ደርሶ ድጋሚ ሲመረመርም ከጸና ካንሰሩ ተመልሷል ተብሎ ይያዛል። ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ ላብራቶሪ ባይቀያየር ይመረጣል። የእነሱ ውጤት «ከ0.1 በታች» ብሎ አይቆምም፤ እስከ 0.01 ይወርዳል። ለእኔ ዓይነቱ ቁጥር ወዳድ ጥሩ ነው፣ እንቅልፍም ይነሳል።

አሁን ወደ ስሞታው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ሽንት ቤቱ ሁሌም ተቆልፎ ቁልፉ ሪሴፕሽን ጋ ነው። የፕሮስቴት ሰው የሚመላለስበት ቤት ውስጥ! ልጅቷ ስልክ ላይ ከሆነች ፓምፐርስ ይድረስልህ። ስነግራቸው «እሺ ጋሼ» ይላሉ፣ ቁልፉ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ዋጋው ከመጀመሪያው ቦታ ይወደዳል፣ ቴሌብር ይቀበላሉ። ብሎክ ለማስነበብ የምትሄዱ መታወቂያና የሐኪም ደብዳቤ ያዙ። ዓርብ ከሰዓት ግን አትሂዱ፣ ፓቶሎጂስቷን አታገኟትም።