እውነተኛ 57፣ ፎርጅድ 58፣ ወይስ ሐቀኛ ርካሽ? ዳይናሚክ ማይክ ለምትገዙ

«ዘፈንና ጊታር ልቀዳ ነው፤ ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ የቱን ማይክ ልግዛ?» ይህን የጠየቁኝን ጓደኞች መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት በስልክ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የማወራው ስለ ዳይናሚክ ማይክ ነው፤ ድምፁን በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ዓይነት። መልሴን አላንጠለጥልም፦ ሹር ኤስ ኤም 57 ግዙ። ኦርጅናሉን። ለአዲሱ ካልደረሳችሁ ያገለገለ ፈልጉ። እሱም ካልተቻለ ቤሪንገር ኤክስ ኤም 8500 ግዙ፤ ሰው ምን ይለኛል አትበሉ። የሌላኛውን የሹር ማይክ የኤስ ኤም 58ን ፎርጅድ ግን በምንም ተአምር አትግዙ። እኔ ሁለቴ ገዝቻለሁ።

መጀመሪያ የዋጋ ነገር። በገንዘብ ብጽፈው የዛሬው ነገ ውሸት ይሆናል፤ ስለዚህ የራሴን መለኪያ ላውጣ። «አንድ 57» ስል የአንድ አዲስ ኤስ ኤም 57 ዋጋ ማለቴ ነው። በዚህ ሂሳብ ኤስ ኤም 58ም አንድ 57 ነው፤ ሁለቱ ለዓመታት በእኩል ዋጋ ጎን ለጎን ሲሸጡ ኖረዋል። የሰንሃይዘሩ ኢ 835 እዚያው ሰፈር ነው። ኤክስ ኤም 8500 ሩብ 57 ቢሆን ነው። ቪዲዮ ላይ በሚያወራ ሰው ሁሉ አፍ ስር የምታዩት ያ ወፍራም ጥቁር ማይክ፣ ኤስ ኤም 7ቢ፣ አራት 57 ያህል ነው። አራት!

ከዚያ ደግሞ ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁ ወጪ አለ። ማይኩ ብቻውን አይቀዳም። በአንዱም በሌላውም ጫፍ ኤክስ ኤል አር (ክቡ ባለ ሦስት ፒን መሰኪያ) የሆነ ገመድ ይፈልጋል፣ ስታንድ ይፈልጋል፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳውንድ ካርድ ይፈልጋል። አንዱ ጓደኛዬ ኪሱን አራግፎ ማይክ ገዛና የገመድ አጥቶ ሁለት ወር ካርቶኑን ሲያይ ከረመ። ርካሽ ማይኮች ገመድ ጨምረው ስለሚሸጡ ደግሞ ሰው ይታለላል። ያ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ወፍራሙ የጊታር ጃክ ነው። ለካራኦኬ ምንም አይልም፤ ለቅጂ ግን ባላንስድ (ዝዝታን የሚያጠፋ አሠራር ያለው) ስላልሆነ በዙሪያው ካለው መብራትና ቻርጀር ሁሉ ዝዝታ እየለቀመ ይመጣል። ስለዚህ ካላችሁ ገንዘብ ላይ ገመዱንና ስታንዱን መጀመሪያ ቀንሱ። ለማይኩ የሚሆነው የተረፈው ነው።

ስለ ኤስ ኤም 7ቢ በአጭሩ ተናግሬ ልለፍ። ድምፁ ያምራል፣ አልክድም። ግን የሚያወጣው ሲግናል ደካማ ነው፤ ለንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ጌን፣ ማለትም ማጉላት፣ ይፈልጋል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ እዚያ ድረስ ሲጠመዘዝ ከድምፃችሁ ጀርባ «ሽሽሽ» ማለት ይጀምራል። ያኔ «መሃል ላይ የምትሰካ ማጉያ ግዛ» ይሏችኋል። ክላውድሊፍተር የሚባለው ማጉያ ብቻውን ከአንድ 57 ይበልጣል። እንግዲህ ቁጠሩት፦ አራት ብላችሁ የጀመራችሁት ከአምስት አለፈ፣ ገመድ ገና አልገዛችሁም። እርግጥ 57 ራሱም ጌን ይወዳል፤ በአምራቹ መግለጫ ከ7ቢ የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰውና ለጊታር አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ግን ተራ ካርድ ይበቃዋል።

ወደ 57 እና 58 እንምጣ። ሰው ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ያደርጋቸዋል፤ አይደሉም። እ.ኤ.አ. 57 በ1965፣ 58 በ1966 ወጡ። የሁለቱም መሠረት ዩኒዳይን 3 የሚባለው፣ ኧርኒ ሲለር የተባለ መሐንዲስ የሠራው ካፕሱል (ድምፁን የሚቀበለው የማይኩ ልብ) ነው። ትልቁ ልዩነት አናቱ ላይ ያለው የሽቦ ኳስ ነው። ኳሱ «ፓ» ስትሉ የሚወጣውን ንፋስ ይሰብራል፣ አፍንም ከካፕሱሉ ትንሽ ያርቃል። 57 ኳስ ስለሌለው ከጊታር አምፕ ጨርቅ ጋር ይጣበቃል፣ ስኔር ከበሮ ጠርዝ ላይ ይሾልካል፣ መለከት ፊት ይቆማል። ለድምፅ ሲፈለግ ፎም (የስፖንጅ ቆብ) ይለብሳል። ከሊንደን ጆንሰን ጀምሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ንግግር የሚያደርጉበት ማይክ እኮ ይኸው 57 ነው፤ ያ ፊታቸው የሚታየው ጥቁር ነገር ፎሙ ነው። እንግዲህ ለድምፅም ለመሣሪያም አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 57 ቢወስድ፣ 58ን በፎም ዋጋ አገኘው ማለት ይቻላል። በእጁ ይዞ መድረክ ላይ የሚዘፍን ግን 58 ይውሰድ። የ57 አናት ፕላስቲክ ነው፤ መሬት ሲመታ እንደ ብረቱ ኳስ አይችልም።

አሁን ወደ ቁስሌ።

የመጀመሪያውን 58 የገዛሁት «አዲስ ነው» ተብሎ በግማሽ 57 ነው። ካርቶኑ ያው፣ ቦርሳው ያው፣ ማቀፊያው ያው፣ የዋስትና ወረቀት ሳይቀር አለው። ቤት ገብቼ ስቀዳ ጣሳ ውስጥ ሆኜ የምዘፍን መሰለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ኢኳላይዘር (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) ሳሽከረክር ከረምኩ። ሳውንድ ካርድ ልቀይር ሁሉ ነበር። አንድ ቀን የጓደኛዬን ያረጀ፣ ኳሱ የተጨፈለቀ 58 በዚያው ገመድ ሰካሁና አንድ መስመር ዘፈንኩ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሁለተኛውን የገዛሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ «የዚያኛው ሻጭ ሌብነት ነው እንጂ ይሄ ሰውዬ ታማኝ ይመስላል» ብዬ። አሁንም በግማሽ ዋጋ። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ይነድፈዋል፣ አንዴ ሳያይ አንዴ ሲያሳይ የሚባለው እንግዲህ እኔን ነው።

ሁለቱንም ፈታኋቸው። ኦርጅናሉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ። በእኔዎቹ ውስጥ ከካፕሱሉ የወጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በቀጥታ መሰኪያው ላይ ተበይደዋል፤ እጀታው ባዶ ነው። ካፕሱሉን ከእጅ ንዝረት የሚጠብቀው የአየር ትራስም የለም፤ ለዚህ ነው እጀታውን በጣት ስነካው ከበሮ የመታሁ ያህል የሚጮኸው።

ከመግዛታችሁ በፊት ማይኩን ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ኦርጅናሉ 58 ወደ 298 ግራም፣ 57 ወደ 284 ግራም ይመዝናል። መሰኪያው ውስጥ ፒኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁጥሮች ፈልጉ። አንገቱ ላይ ያለው ስም በጥፍር የሚላጥ ተለጣፊ ከሆነ ጨዋታው አልቋል። ሻጩ «ሳትገዛ አትፍታው» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ግን ቀጂዎቹም በየዓመቱ ይማራሉ፤ ቁጥሩንም ስሙንም የሚያስመስሉ አሉ። እኔ አሁን ከሁሉ አስቀድሜ የማምነው ዋጋውን ነው። «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ በግማሽ 57 የሚሸጥ 58 ካያችሁ ማይኩን ማየት አያስፈልጋችሁም። ያገለገለ ኦርጅናል ራሱ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይወርድም፤ ባለቤቶቹ ዋጋውን ያውቁታል።

በጣም የሚያበሽቀኝ ምን መሰላችሁ? ለፎርጅዱ በከፈልኩት ግማሽ 57 ሁለት ኤክስ ኤም 8500 ይገዛ ነበር። 8500 በራሱ ስም የሚሸጥ፣ ማንንም ሳይመስል የሚኖር ማይክ ነው። ላይኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ይሻክራል፣ 58 ያለው ያ የጠገበ መሃል የለውም። ግን ሁለቱን ከመጋረጃ ጀርባ ብታስቀምጡልኝ፣ በደንብ በተሠራ ዘፈን ውስጥ የምሳሳትበት ጊዜ አይጠፋም። ከፎርጅዱ ጋር ግን ለማነጻጸር እንኳ ያሳፍራል። ችግሩ ሲበላሽ ነው። መለዋወጫ ከመፈለግ አዲስ መግዛት ይቀላል፣ ስለዚህ ይጣላል።

57 እና 58 ደግሞ እዚህ ላይ ነው ገንዘባቸውን የሚመልሱት። የተጨፈለቀ ኳስ በእጅ ተፈትቶ በሌላ ይቀየራል። ውስጡ ያለው ፎም የዘፋኞች ትንፋሽ ሲሸተው በውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለሳል (እባካችሁ ያገለገለ የገዛችሁ ሁሉ ይህን አድርጉ)። ካፕሱሉም ለብቻው ይሸጣል፣ የ57ቱ አር 57፣ የ58ቱ አር 59 በሚል ስም። ዋጋው ግን ከግማሽ 57 ሊያልፍ ስለሚችል «ድምፁ ትንሽ ደከም ብሏል» የተባለ ማይክ ስትገዙ ይህን ደምሩበት። ደግነቱ፣ ሞተ ተብሎ የሚመጣልኝ ማይክ አብዛኛው የሞተው ገመዱ ነው። በካውያ አንድ ጠብታ እርሳስ፣ አለቀ።

መልቲሜትር ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ኦርጅናል 57 ላይ ፒን 2 እና 3ን ለክታችሁ «ሽቦው አልተቆረጠም» ቢላችሁ ካፕሱሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። የለካችሁት ትራንስፎርመሩን ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ጥፋቱ የገመዱ መስሎኝ ሁለት ደህና ገመድ ጥያለሁ። ሌላው ጠላት የብረት ብናኝ ነው፤ ካፕሱሉ ውስጥ ማግኔት ስላለ ብረት በሚቆረጥበት ቦታ የተቀመጠ ማይክ ብናኙን ስቦ ሽፋኑ ላይ ያከማቸዋል፣ ድምፁም ይታነቃል። ያገለገለ ስትገዙ አናቱ ላይ በባትሪ አብርታችሁ እዩ።

ኢ 835ን ያልወቀስኩት ጥፋት ስላላገኘሁበት ነው። ድምፁ ከ58 ይበራል፣ ሲጠጉትም እንደ 58 በወፍራሙ አይሞላም። ጎርናና ድምፅ ያለው ዘፋኝ ቢመርጠው አልከራከርም። ለጊታር አምፕ ግን አሁንም 57ን አነሳለሁ። ሳውንድ ካርድ ጭራሽ ለሌለው ሰው ደግሞ ሳምሰን ኪው 2 ዩ አለ፤ በዩ ኤስ ቢም በኤክስ ኤል አርም ይሠራል። ዛሬ በኮምፒውተር ጀምሮ ነገ ካርድ ሲገዛ አይጥለውም።

«ዳይናሚክ የክፍል ጫጫታ አይሰማም» የሚባለውን አትመኑ። ይሰማል። አፋችሁን ወይም አምፑን በጣም ስለምታስጠጉት ነው ጫጫታው የሚያንሰው፤ አንድ ክንድ ራቁትና የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ታገኙታላችሁ። ለድምፅ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጉት። አምፕ ላይ ከስፒከሩ መሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ ስታንሸራትቱት ሹል የነበረው እየለዘበ ይመጣል፤ ኢኳላይዘር ከመንካታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። በጣት ቀስ ተብሎ የሚነካ አኩስቲክ ጊታር ላይ ግን 57 ይሸነፋል። ጌኑ ይጠመዘዛል፣ «ሽሽሽ» ይመጣል፣ የክሩ ጥራት አይገኝም። ሥራችሁ በአብዛኛው እሱ ከሆነ የእኔን ምክር ተዉትና ኮንደንሰር የሚባለውን፣ ቀጭን ድምፅ ይበልጥ የሚሰማውን የማይክ ዓይነት ፈልጉ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንዱ ጓደኛዬ ፎቶ ላከልኝ። «58፣ አዲስ፣ በግማሽ ዋጋ! ልክፈል?» ይላል። መሰኪያውን አጉልቼ አየሁት፤ ፒኖቹ አጠገብ ቁጥር የለም። «ሚዛን ላይ አስቀምጠው» አልኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መለሰ፦ «ሰውዬው ሚዛን ስጠይቀው ተቆጣ።»